ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ተማሪ የትኛው ፊዚክስ ይሻላል? የአዳማውና የቨርጂኒያው ምርጫ

ዘንድሮ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተጠየቅኩ።

መጀመሪያ የደወለችው እህቴ ናት፣ ከቨርጂኒያ። ልጇ ለሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ልትመርጥ ነው። ትምህርት ቤቷ ፊዚክስን በአራት ዓይነት ያቀርባል። "ኤፒ ፊዚክስ 1 የሚባል አለ፣ ሲ የሚባል አለ። እኔ ምኑን አውቄው? ልጅቷ መሐንዲስ ነው የምሆነው ብላለች። በል አንተ ንገራት" አለችኝ። ከወራት በኋላ ደግሞ እዚሁ አዳማ ያለው ወንድሜ ቤት መጣ። ልጁ አሥረኛ ክፍልን ጨርሷል። ቡናው እንኳ ሳይቀርብ "ፊዚክሱን ቱቶሪያል ላስገባው ወይስ ቤት የሚመጣ አስጠኚ ልፈልግለት?" አለኝ።

የሁለቱ አገር አሠራር ለየቅል ነው። እዚያ ተማሪዋ ኮርሱን ራሷ ትመርጣለች። እዚህ ናቹራል የገባ ልጅ ወደደም ጠላም ፊዚክስ ይማራል፤ የሚመርጠው እንዴት እንደሚያጠናው ነው። መልሴ ግን ለሁለቱም ከአንድ ቦታ ይነሳል። እኔ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ፤ ክረምት ክረምት የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። ለሁለቱ ቤተሰብ ያልኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሐሳቤን ከአሁኑ ልናገር። ኢንጂነሪንግ የሚያስብ ልጅ ብዙ ምዕራፍ በሩጫ ከሚሸፍን ሜካኒክስን ከሥሩ ቢይዝ ይሻለዋል። ሜካኒክስ ስል የእንቅስቃሴን፣ የኃይልን፣ የሥራና የኢነርጂን፣ የሞመንተምን፣ የሚሽከረከር ነገርን ትምህርት ማለቴ ነው። ከታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ በገዛ እጁ ስሎ፣ ራሱ ተሳስቶ፣ ራሱ አርሞ እንዲሠራ የሚያደርገው የቱ ነው?

ግቢ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የናቹራል ፍሬሽማን ተማሪ ጄኔራል ፊዚክስ የሚባል ኮርስ ይወስዳል። ኮርሱ ሰፊ ነው። ከእንቅስቃሴና ከኃይል ይጀምራል፤ በፈሳሾች፣ በሙቀትና ቴርሞዳይናሚክስ፣ በንዝረት፣ በሞገድና በብርሃን አልፎ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ነው። ቬክተር ምን እንደሆነ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው አትጠብቁ፤ ጊዜ የለም።

ኢንጂነሪንግ የገባ ደግሞ ስታቲክስ ይቀበለዋል፤ በቆመ ነገር ላይ ያሉ ኃይሎችን የሚያጠና ኮርስ ነው። ሲቪልና ሜካኒካል የሆነ ልጅ ቀጥሎ ዳይናሚክስንና የቁሳቁስ ጥንካሬን ይማራል። ሁሉም የቆሙት በሃይስኩል ሜካኒክስ ላይ ነው።

እኔ ያን ሜካኒክስ የተማርኩት በሽምደዳ ነበር። ሾርት ኖት ነበረኝ፤ ከደብተሬ ጀርባ ቀመር በቀመር ተደርድሮ። ፈተና ላይ የተሰጠውን ቁጥር አያለሁ፣ የሚገባበትን ቀመር እፈልጋለሁ፣ እከታለሁ። ማትሪክ ላይ ሠርቶልኛል። ግቢ ገብቼ የመጀመሪያው የስታቲክስ ፈተና ሲመለስ ግን ከ20 ያገኘሁት 4 ነበር። ጥያቄው አንድ ምሰሶ፣ አንድ ገመድና አንድ የተንጠለጠለ ጭነት ነው። የሚከተትበት ቀመር የለም። መጀመሪያ ኃይሎቹን መሳል ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ስዬ አላውቅም። ያን ቀን ዶርም ገብቼ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። አሁን ልጆች ሳስጠና "መጀመሪያ ሳሉ" እያልኩ የምጨቀጭቃቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ለወንድሜ ልጅ የሰጠሁትን የመጀመሪያ ጥያቄ ላሳያችሁ። አንድ አይሱዙ በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ይመጣል። ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር ነው፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ኋላ ላይ ያልታሰረ ሣጥን ጭኗል። በሣጥኑና በወለሉ መካከል ያለው የስታቲክ ፍሪክሽን ኮፊሸንት፣ ማለትም ወለሉ ሣጥኑን እንዳይንሸራተት ምን ያህል እንደሚይዘው የሚነግረን ቁጥር፣ 0.5 ነው። ሣጥኑ ሳይንሸራተት መኪናው በስንት ሜትር ውስጥ መቆም ይችላል?

ልጁ ደብተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አየው። ከዚያ ቀና ብሎ "አጎቴ፣ የሣጥኑ ክብደት አልተሰጠም" አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ቀመሩ ውስጥ ኤም (የሣጥኑ ማስ) አለች፤ ቁጥሯ የለም፤ ስለዚህ ቆመ። "መኪናውን ተወው፣ ሣጥኑን ብቻ ሳለው" አልኩት። ሣጥኑን ምን ምን ይገፋዋል፣ ምን ይስበዋል? ወደ ታች የመሬት ስበት። ወደ ላይ የወለሉ ግፊት። ወደ ኋላ ፍሪክሽን። ሦስት ቀስት፣ በቃ። ሣጥኑን የሚያቆመው ፍሪክሽኑ ብቻ ነው። እሱ ቢበዛ 0.5 ጊዜ ኤም ጊዜ ጂ ነው። ይህን ከኤም ጊዜ አክስለሬሽን ጋር እኩል ስናደርገው ኤሟ ከሁለቱም ወገን ተሰረዘች። ልጁ እዚህ ጋ ፈገግ አለ። ጂን፣ ማለትም የመሬት ስበት የሚሰጠውን አክስለሬሽን፣ 10 ካልን መኪናው ፍጥነቱን መቀነስ የሚችለው በሰከንድ ቢበዛ 5 ሜትር በሰከንድ ነው። የ20 ስኩዌር 400 ነው፤ ለሁለት ጊዜ 5፣ ማለትም ለ10፣ ሲካፈል 40 ሜትር።

ሣጥኑ ባዶ ቢሆን ወይም ሲሚንቶ ቢሞላ መልሱ ያው 40 ሜትር ነው። ይህን ያየ ልጅ ቀመሩን መሸምደድ አያስፈልገውም። ተማሪዎች ፍሪ ቦዲ ዳያግራም የሚሉት ይህንኑ ሦስት ቀስት ነው። በስታቲክስ ያቃተኝም እሱ ነበር።

የቨርጂኒያዋ ልጅ፦ ኤፒ 1፣ ኤፒ 2 ወይስ ሲ?

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ይህን ክፍል ላኩላቸው። የሌላችሁም አንብቡት፤ እዚህም የሚጠቅም ነገር አለበት።

ኤፒ የሚባሉት ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጃቸው፣ በሃይስኩል የሚሰጡ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች ናቸው። በፈረንጆቹ ሜይ ወር ፈተና ይኖራል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። በፊዚክስ አራት አሉ።

ፊዚክስ 1 እና ፊዚክስ 2 በአልጀብራ የሚሠሩ ናቸው። ቀድሞ ፊዚክስ ቢ የሚባል አንድ ኮርስ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. እነዚህ ሁለቱ ተኩት። ፊዚክስ 1 ሜካኒክስ ነው፤ በቅርቡ የፈሳሾች ምዕራፍም ከ2 ወደ እሱ ተዛውሯል። ፊዚክስ 2 የቀረውን ይይዛል፦ ሙቀት፣ ኤሌክትሪክና ማግኔቲዝም፣ ብርሃንና ሞገድ፣ ዘመናዊ ፊዚክስ። ሲ የሚባለው ደግሞ ሁለት የተለያየ ኮርስ ነው፤ አንዱ ሜካኒክስ፣ ሌላው ኤሌክትሪሲቲና ማግኔቲዝም። ሁለቱም በካልኩለስ ይሠራሉ።

"በአልጀብራ" እና "በካልኩለስ" ማለት ምን ያህል እንደሚለያይ ለእህቴ ልጅ የነገርኳት በሮቶ ነው። አዳማ መጥታ ስለነበር የአያቷን ቤት ሮቶ ታውቀዋለች። ውኃ በማይመጣበት ቀን ሁሉም ሰው ቀና ብሎ የሚያየው እሱን ነው።

ሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ 1.25 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቷል። ውኃው በምን ፍጥነት ይወጣል? ይህን አልጀብራ ይመልሰዋል። ሁለት ጊዜ ጂ ጊዜ ጥልቀቱ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ 10 ጊዜ 1.25፣ 25 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 5። በሰከንድ 5 ሜትር ማለት ነው፣ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ኢነርጂ ከተውነው። ውኃው ወደ ሩብ ሲወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህንንም አልጀብራ ይነግራችኋል። እስከዚህ ፊዚክስ 1 ይበቃል።

ቀጥሎ ግን ሮቶው ያለበት ቤት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፦ ስንት ሰዓት ይቆየናል? እዚህ ላይ አልጀብራ ይይዘናል። ውኃው ባነሰ ቁጥር የሚወጣበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ አንድ ቁጥር ይዞ ማካፈል አይቻልም። በየቅጽበቱ የሚወጣውን መደመር ያስፈልጋል፤ ኢንቲግሬሽን የሚባለው ይኸው ነው። ሲሠራ የሚወጣው መልስ ደስ ይላል። ውኃው በመጀመሪያው ፍጥነት ብቻ ቢወጣ ኖሮ ከሚፈጅበት ጊዜ ልክ እጥፍ ይወስዳል። ሦስት አይደለም፣ አንድ ተኩል አይደለም፣ ልክ ሁለት። ፊዚክስ ሲ እንዲህ ዓይነቱን ሒሳብ የሚያሠራ ትምህርት ነው። ኢንጂነሪንግም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ምን ትምረጥ? የሚወስነው ሒሳቧ ነው። ካልኩለስ ጨርሳ ከሆነ ወይም በዚያው ዓመት የምትወስድ ከሆነ፣ መጠነኛ የፊዚክስ መሠረትም ካላት፣ ሲ ሜካኒክስን ትውሰድ። ፊዚክስ ጨርሶ ተምራ የማታውቅ ከሆነና ሒሳቧ ገና ፕሪ ካልኩለስ ላይ ከሆነ በፊዚክስ 1 ትጀምርና በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሲ ትሻገር። ሁለተኛው የእሷ ሁኔታ ነበር፤ እንደዚያው አደረገች።

ከ1 በኋላ ወደ 2 መሄድ ይሻላል ወይስ ወደ ሲ? ለሐኪምነት የምታስብ ቢሆን 2 እላት ነበር፤ ሙቀቱም ብርሃኑም ይጠቅማታል። ለመሐንዲስ ግን ሲ። ትምህርት ቤቱ የሲን ኤሌክትሪሲቲና ማግኔቲዝም ካቀረበ፣ ኤሌክትሪካል የሚያስብ ልጅ እሱንም ይውሰድ። እሱ ግን ከሜካኒክሱ በኋላ ይሁን፤ ሒሳቡ ይከብዳል።

ክሬዲትም ሌላው ጉዳይ ነው። የኢንጂነሪንግ ኮሌጆች የሚያስተምሩት ፊዚክስ በካልኩለስ የተሠራ ስለሆነ ብዙዎቹ በእሱ ምትክ የሚቀበሉት የሲን ውጤት ነው። የፊዚክስ 1 ውጤት ለምርጫ ኮርስ ብቻ የሚቆጠርበት ቦታ አለ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ሰንጠረዥ አለው፤ ልጅቷ የምታስባቸውን ሦስት አራት ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ከፍታ ትመልከት።

እህቴን ያስፈራት "ሲ ከባድ ነው አሉ፣ ውጤቷ እንዳይወርድ" የሚለው ነበር። እህቴ ልክ ናት፤ ይከብዳል። እኔ ግን ልጅቷ ቤተሰቧ አጠገብ ሆና፣ መምህሯ ስሟን እያወቀ፣ ሃያ ሠላሳ ልጅ ባለበት ክፍል ብትታገል ይሻላል እላለሁ። ግቢ ገብታ ሦስት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ከመጀመር ይቀላል።

ካምብሪጅ ኤ ሌቭል ወይም አይቢ ያለበት ትምህርት ቤት ልጅ ላላቸው በአጭሩ፦ አይቢ ከሆነ ከፍተኛውን ደረጃ ይምረጥ። ኤ ሌቭል ከሆነ ፊዚክስን ከሒሳብ ጋር አጣምሮ ይያዝ። የካምብሪጁ ፊዚክስ ካልኩለስ አይጠይቅም፤ ካልኩለሱ የሚገኘው በሒሳቡ ነው። ሁለቱን የነጣጠለ ልጅ በኋላ ይቸገራል።

የአዳማው ልጅ

ናቹራል ወይስ ሶሻል በሚለው ላይ ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። ኢንጂነሪንግ የሚገባው በናቹራል ነው። ልጁ ራሱ የሚፈልገው መሆኑን ግን አረጋግጡ። ጎረቤት "ልጅሽ ናቹራል ነው?" ሲል ለመመለስ ብላችሁ አታስገቡት።

ዋጋውን ሁላችንም አይተነዋል። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ያለፈው ከመቶ 3.2 ብቻ ነበር። ያን ዓመት እኛ ሰፈር የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ጎበዝ የምንላቸው ልጆች ከቤት አልወጡም። ሪሜዲያል የገቡት እንኳ ናቹራል ከሆኑ እንደገና የሚቀበላቸው ፊዚክስ ነው፣ ከሒሳብ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ጋር። ፊዚክስን በሽወዳ ማለፍ አይቻልም።

*አዲሱ መጽሐፍ ወይስ አሮጌው?* ይህን ጥያቄ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቀኝም፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ ልናገርለት እፈልጋለሁ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ቬክተር፣ እንቅስቃሴ፣ ዳይናሚክስ፣ ሙቀት፣ ኤሌክትሮስታቲክስና ሰርኪት፣ መጨረሻ ላይ ኒውክሌር ፊዚክስ አለው። 12ኛ ክፍል ላይ ባለ ሁለት አቅጣጫ እንቅስቃሴ፣ ፈሳሾች፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝምና የኤሌክትሮኒክስ መግቢያ ይመጣል። አሮጌው ሰፋ ይላል። 11ኛው ላይ ሥራና ኢነርጂ፣ ሽክርክሪትና ሚዛን ራሳቸውን ችለው ምዕራፍ ነበሩ። 12ኛው ላይ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ንዝረትና ሞገድ በሰፊው ነበሩ።

አሁን ወደ ፍሬሽማኑ ጄኔራል ፊዚክስ ተመለሱ። ቴርሞዳይናሚክስ አለበት። ንዝረትና ሞገድ አለበት። በአዲሱ መጽሐፍ ንዝረት የሚገኘው 9ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ያኔ ልጁ ትሪጎኖሜትሪ እንኳ አልጠነከረም። ስለዚህ የእኔ ምክር እንዲህ ነው፦ ለብሔራዊ ፈተናው አዲሱን መጽሐፍ አጥብቃችሁ ያዙ፤ የሚጠየቀው ከእሱ ነው። ከፈተናው በኋላ ያለውን ክረምት ደግሞ ለአሮጌው ስጡት። ከ11ኛው ሚዛንንና ሽክርክሪትን፣ ከ12ኛው ቴርሞዳይናሚክስንና ሞገድን አንብቡ። የታላላቆቻችሁ መጽሐፍ አልጋ ሥር ካልተገኘ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይዞራል።

*ቱቶሪያል፣ አስጠኚ ወይስ ግሩፕ?* ወንድሜ የጠየቀኝ ይህን ነው፤ ገንዘብ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው።

ቱቶሪያል ዋጋው ይቀላል። ጥሩ መምህር ካጋጠመ ምዕራፉን በሥርዓት ይጨርሳል፣ የድሮ የኢንትራንስ ጥያቄዎችንም ያሠራል። ችግሩ ብዛቱ ነው። አርባ ሃምሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ሲገለብጡ የገባቸው ይመስላቸዋል። ቤት ገብተው ያንኑ ጥያቄ ደብተር ዘግተው ይሥሩት ብትሉ ሦስተኛው መስመር ላይ ይቆማሉ። ለዚህ ቱቶሪያል የሚጠቅመው መሠረቱ ላለው ልጅ ነው፤ 12ኛ ክፍል ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ፣ ለክለሳ። 11ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ተስፋችሁን በእሱ ላይ ብቻ አታድርጉ።

ቤት ለቤት አስጠኚ ይወደዳል። ጥሩው ወርቅ ነው። መጥፎው ግን ከምንም ይከፋል፤ የልጁን የቤት ሥራ ሠርቶለት ይሄዳልና። እንዴት ትለያላችሁ? ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ሻይ ይዛችሁ ግቡና አንድ ነገር ብቻ እዩ፦ እስክሪብቶው በማን እጅ ነው? በአስጠኚው እጅ ከሆነ፣ ሦስት ጊዜ ገብታችሁም እንደዚያው ከሆነ፣ ሌላ ፈልጉ። በልጁ እጅ ሆኖ አስጠኚው ዝም ብሎ የሚያይ ከሆነ ያ ሰው ሥራውን ያውቃል። ወንድሜ ይህን ስነግረው "ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ነው የምከፍለው?" አለኝ። አዎ። ከባዱ ሥራ ዝም ማለቱ ነው።

ሦስተኛው ግሩፕ ነው፤ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይህን ነው፣ ነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሦስት ወይም አራት ልጆች ይሁኑ፤ ስድስት ከሆኑ ወሬ ይሆናል። እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ተዘጋጅቶበት ይምጣና ለሌሎቹ ያስረዳ። ሲያስረዳ ያልገባው ቦታ ወዲያው ይታወቃል። ከመካከላቸው አንዱ ትንሽ ቀደም ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁሉም እኩል ከተሳሳቱ የሚያርማቸው የለም።

ቋንቋውም እዚህ ላይ ይነሳል። የሃይስኩል ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ነው። አዳማ ላይ ልጁ ቤት አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ያወራል፤ አንዳንዱ ሁለቱንም። ብዙ ጊዜ ፊዚክሱ ከበደው የምንለው ልጅ የከበደው የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። "ከእረፍት ተነስቶ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲያነብ የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ መሆኑን አያይም። ግሩፕ ውስጥ ጥያቄውን መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ ይንገሩት፣ ከዚያ ይሳሉት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ኢንተርኔት ላይ ካን አካዳሚ በነጻ አለ፤ ጥሩ ነው። ቪዲዮ አይቶ ሳይሠራ የተነሳ ልጅ ግን ቱቶሪያል ከገለበጠው አይለይም።

ለወንድሜ ልጅ የወሰንነው እንዲህ ነው፦ 11ኛን ሙሉ በግሩፕ፣ በወር ሁለቴ አስጠኚ፤ ቱቶሪያል 12ኛ ላይ። የናንተ ልጅ ብቻውን ማጥናት የሚወድ ዝምተኛ ከሆነ ግሩፑን አታስገድዱት፤ አስጠኚው ይሻለዋል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ካልኩሌተር። የአሜሪካዋ ልጅ በፈተናዋ ትጠቀማለች። እዚህ ብሔራዊ ፈተና ላይ አይገባም። ስለዚህ ልጁ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ስልኩን አርቆ በእጁ ያስላ። የ37 ዲግሪ ሳይን 0.6፣ ኮሳይኑ 0.8 እንደሆነ ሳያስብ የሚመጣለት ይሁን።

ኤሌክትሪካል የሚያስብስ?

"እኔ ኤሌክትሪካል ወይም ሶፍትዌር ነው የምገባው፣ ሜካኒክስ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ የትኛውም ዲፓርትመንት ከመግባቱ በፊት ፍሬሽማን አለ፤ ዲፓርትመንት ሲመረጥም ያ ውጤት ይታያል። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ ራሱ የሚገባው ሜካኒክስ ሲገባ ነው። ቮልቴጅ ማለት በአንድ ቻርጅ የሚደርስ ኢነርጂ ነው፤ ኢነርጂ ያልገባው ልጅ ቮልቴጅን ይሸመድደዋል። ሜካኒክሱ ከተያዘ በኋላ ግን ኤሌክትሪካል የሚያስብ ልጅ ከሌሎቹ ምዕራፎች ሰርኪትንና ኤሌክትሮማግኔቲዝምን ያስቀድም።

ቤታችን ያለው ዩኒቨርሲቲ

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1993 እ.ኤ.አ. የናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረ ነው። ስሙ እየተቀያየረ አሁን ያለበት ደርሷል። እሱና የአዲስ አበባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከብሔራዊ ፈተናው በተጨማሪ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ ቆይተዋል። እዚያ ለመግባት የሚያስብ ልጅ በ12ኛ ማብቂያ "ፈተናው አለቀ" ብሎ መጽሐፉን አይጣል። የምዝገባው ማስታወቂያ ብዙ ቀን አይቆይም፤ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ በየጊዜው እዩ።

አዳማ ላለ ልጅ ሌላም ጸጋ አለ። ትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ባይኖረው ከተማው አለ። ቀና ብሎ ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖቹን ይይ። የመጀመሪያው ዙር 34 ናቸው፣ 51 ሜጋ ዋት። ሁለተኛው ዙር 102 ናቸው፣ 153 ሜጋ ዋት። አካፍሉት፤ ሁለቱም ጋ አንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ይወጣዋል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ንፋሱ በየሰከንዱ የሚያደርሰው ኢነርጂ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ የ11ኛ ክፍል ልጅ በካይኔቲክ ኢነርጂ ቀመር ሊያወጣው ይችላል። ወደ ቆቃ ወረድ ቢል ግድቡ አለ፦ ፖቴንሻል ኢነርጂ ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር። ባለፈው ቅዳሜ አራቱን የግሩፕ ልጆች ይዤ ተርባይኖቹ ወደሚታዩበት ወጣሁ። አንደኛዋ በስልኳ ሰዓት ይዛ ክንፉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጠረች። ከዚያ የክንፉን ጫፍ ፍጥነት ካላወጣን አንወርድም ብለው አቧራው ላይ ሲጽፉ መሸ።

ያቺን የአይሱዙ ጥያቄ የወንድሜ ልጅ ለቨርጂኒያዋ እህቱ በቴሌግራም ላከላት። በማግስቱ ሠርታ መለሰች። መልሷ 40 ሜትር ነው፣ ሥዕሏም ንጹሕ ነው፤ ግን ፍሪክሽኑን የሳለችው ወደ ፊት ነው። እሱ ፎቶውን አጉልቶ ቀስቷን በቀይ ከበበና "ሣጥኑን ማን ነው የሚያቆመው ታዲያ?" ብሎ ላከላት። አሁን በየሳምንቱ አንድ አንድ ጥያቄ ይላላካሉ። የዚህ ሳምንቱ የእሷ ነው፣ ስለ ሮቶው። እሱ ካልኩለስ ገና አልተማረም፤ ውኃውን አምስት አምስት ሣንቲ ሜትር እየከፋፈለ በእጁ እየደመረ ነው።